ዋቆ ጉቱ፦ ከግጦሽ ክርክር የተነሳ አመፅ፣ ዛሬም ያልተዘጋ ፋይል

ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ስማቸው በባሌ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ታሪክ የሚወራላቸውን ሰው ነው። ለአንዱ የነጻነት አባት ናቸው። ለሌላው በጎረቤት አገር መሣሪያ አገር የወጉ ሽፍታ ናቸው። እኛ ግን ከሁለቱም ስሞች በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ሰውየው በረሃ የገቡት ለምን ነበር?

ጀነራል ዋቆ ጉቱ የተወለዱት በፈረንጆቹ 1924 በባሌ ቆላ፣ በመደ ወላቡ አካባቢ ኦዳ በተባለ ቦታ ነው። ከብት አርቢ ማኅበረሰብ ውስጥ አድገው በጎሳቸው ዘንድ የሚሰሙ ሰው ሆኑ። ጀነራል የተባሉት ከኢትዮጵያ ጦር አካዳሚ ተመርቀው አይደለም፤ ማዕረጉ የመጣው ከትግሉ ነው።

ያኔ ባሌ ምን ትመስል ነበር? እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በሐረርጌ ሥር ነበረች፤ ከዚያ ነው ጎባን ዋና ከተማ አድርጋ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት የሆነችው። ትልቁ ጣጣ መሬት ነበር። መሬት በቃላድ ይለካል፣ በመዝገብ ይገባል፣ ግብር ይጣልበታል። በወረቀት ሲታይ ሥርዓት ይመስላል። መሬት ላይ ሲወርድ ግን ሌላ ነው። ገበሬው ለልኬታውም ለግብሩም ይከፍላል፤ ውዝፍ ሲበዛበት መሬቱ ወደ መንግሥት ይዞራል። ከዚያ ለባለሥልጣን፣ ለወታደር ወይም ከሌላ ቦታ ለመጣ ሰው ይሰጣል። ባለቤቱ በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

አቤት ልበል ቢል ደግሞ ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በአማርኛ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ የሚናገረው ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ነው። ሃይማኖቱም እኩል አይታይም ነበር፤ የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል የሆኑት ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ነው። በላዩ ላይ የጸሐፊው፣ የዳኛውና የጭቃ ሹሙ ጉቦ አለ። ቅሬታው በአንድ ጀንበር የመጣ አልነበረም።

እሳቱ መጀመሪያ የተነሳው በፈረንጆቹ 1963 ኤልከሬ ላይ፣ በካሂን አብዲ መሪነት ነው። ብዙም ሳይቆይ ደሎ ተከተለ። የዋቆ ጉቱ ጉዳይ መነሻው የግጦሽ መሬት ክርክር ነበር። አዎ፣ የከብት ሣር! መንግሥት በጎሳዎች መካከል ገብቶ እንዲዳኝ ተፈለገ፤ ዳኝነት አልተገኘም። ዋቆ ወደ ሶማሊያ ተሻገሩና 40 ያህል ጠመንጃ ይዘው ተመለሱ። በ40 ጠመንጃ የተጀመረው ነገር የንጉሡን ጦር ሰባት ዓመት ያህል አላስተኛውም። በፈረንጆቹ 1966 መጨረሻ ላይ ከባሌ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ታምሶ ነበር።

መንግሥት እግረኛ ጦር፣ ፖሊስና የጦር አውሮፕላን አዘመተ። መንደር ተደበደበ፣ ከብት አለቀ። በሌላ በኩልም ደም ፈሷል። አማፂዎቹ የመቷቸው ሰፋሪዎች ሁሉ ባለርስት አልነበሩም፤ ብዙዎቹ እንደ ባሌ ገበሬ ድሃ ነበሩ። የአመፁን ታሪክ ስንናገር የእነዚህንም ሰዎች ሐዘን መዝለል የለብንም። የአንዱን በደል ለመንገር የሌላውን መደበቅ ታሪክ አይባልም።

ከዚያ ነገሩ ተቀየረ። ከ1967 ጀምሮ የሶማሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢጋል ከአዲስ አበባ ጋር መታረቅ ፈለጉ፤ የመሣሪያው ምንጭ ቀጠነ። ጦሩም ዙሪያውን አጠበበ። ዋቆ በመጋቢት 1962 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ። ንጉሡ አልሰቀሏቸውም፤ ምሕረት አደረጉላቸው። አዲስ አበባ ገብተው ተቀመጡ። ሰውየው ዝም አሉ፤ የመሬቱ ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም።

መልሱ የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ንጉሡ ራሳቸው ከወረዱ ወዲያ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ ጭሰኝነት ቀረ። ታዲያ ዋቆ ጉቱ ለምን እንደገና ጫካ ገቡ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚወሳሰበው። በሶማሊያ ድጋፍ የሶማሊ አቦ ነጻ አውጪ ግንባር ሲቋቋም መሪው እሳቸው ነበሩ። ስሙን ልብ በሉ፤ ኦሮሞው ሶማሊ አቦ ተባለ። ሞቃዲሾ መሣሪያ የሰጠችው ለባሌ ገበሬ አዝና አልነበረም፤ ታላቋን ሶማሊያ ልትገነባ ፈልጋ ነው። የ1969ና 1970ው ጦርነት በሶማሊያ ሽንፈት ሲያልቅ ያ ሕልም አብሮ ወደቀ። የባሌ ሰው ግን ቤቱ ፈርሶ፣ ብዙው ተሰዶ ቀረ።

ደርግ በ1983 ሲወድቅ ዋቆ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አሁን ባንዲራው በግልጽ የኦሮሞ ሆኗል። ይሁንና ከአዲሱ መንግሥት ጋርም አልተስማሙም፤ እንደገና ወጡ። በፈረንጆቹ 2000 የተለያዩ የኦሮሞ ድርጅቶችን ያሰባሰበ ጥምረት ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ። ጥር 26 ቀን 1998 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ አረፉ። ከሦስት መንግሥታት ጋር ተጣልተው፣ አንዱንም ሳያሸንፉ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንያዝ? ለእኛ የታየን ይሄ ነው። ብሔርተኝነት ከሰማይ አይወርድም። በግብር ደረሰኝ፣ በልኬታ ገመድ፣ ባልተሰማ አቤቱታ ይጀምራል። ቢሮ ውስጥ ሊያልቅ የሚችል ክርክር ሲገፋ ጠመንጃ ይሆናል፤ ጠመንጃው ደግሞ የሚያስታጥቀውን ጌታ ይፈልጋል። ጌታው ሲመጣ የራሱን ጉዳይ ይዞ ይመጣል።

ዛሬ የኦሮሞ ፖለቲካ በአገሪቱ ውስጥ ትልቅ ኃይል ሆኗል። የዋቆ ስም በአደባባይ በክብር ይጠራል፤ ይሄ በእሳቸው ዘመን የማይታሰብ ነበር። ነገር ግን ስም መጥራቱ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ የእሳቸውን የመጀመሪያ ጥያቄ መመለስ ነው። ገሰራ ላይ ስንዴ የሚያመርተው ገበሬ ወሰኑ ሲገፋበት በቋንቋው የሚሰማው፣ ጉቦ የማይጠይቀው ዳኛ አለው ወይ? ጎረቤቱ ኦሮሞ ያልሆነው፣ አያቶቹ ከሌላ ቦታ የመጡት ሰውስ እኩል ይሰማል ወይ? ሁለቱም አዎ ካሉ የባሌ አመፅ ፋይል ተዘጋ ማለት ነው። አንዳቸው እንኳ አይ ካሉ፣ የወንበሩ ባለቤት ቢቀየርም ጥያቄው ያው የ1963ቱ ነው።