እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የዓድዋ ስንቅ

ሁልጊዜ እሑድ ማታ ከገጠሩ ቤታችን ወደ መርሳ ስመለስ እናቴ ድርቆሽ፥ በሶና ሽሮ ቋጥራ ታሸክመኛለች። ስንቁ እስከ ዓርብ ካልዘለቀ ትምህርቱም አይዘልቅም። ይህን ሳስብ ዘወትር ትዝ የሚሉኝ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ስለዚህ የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ ለአንባብያን ላቀርብ ወደድሁ።

እቴጌ ጣይቱ የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ለእኛም ባዳ አይደሉም፤ ወንድማቸው ራስ ወሌ አገራችንን የጁን ገዝተዋልና። በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ። በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባን በስሟ ጠሯት፤ በ1882 ዓ.ም. እቴጌ ተባሉ። ከመርሳ በስተደቡብ ባለችው በውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በኢጣልያንኛው ግልባጭ አገራችንን ጥገኛ ያደረገ መሆኑ በታወቀ ጊዜ፥ አጥብቀው ከተቃወሙት ሰዎች አንዷ እሳቸው ነበሩ።

ጦርነቱ የመጣው ክፉ ቀን ከተባለው ረኀብ በኋላ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ በበሽታ አልቆ፥ ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጥቶ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ክተት ሲታወጅ ለወታደር ቀለብ የሚያደርስ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይነሣል። ወረ ኢሉ ላይ ተሰብስቦ ወደ ሰሜን የተጓዘው ሠራዊት 100,000 ያህል ይገመታል። በቅሎና አህያ ጓዙን ይሸከማሉ፤ ሴቶች ይፈጫሉ፥ ይጋግራሉ፥ ውኃ ይቀዳሉ። ስንቁ ሲያልቅ ግን ሸክሙ የሚወድቀው በመንገድ ዳር ባለው ገበሬ ላይ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም።

እቴጌዪቱ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ። መቀሌ ላይ ጠላት በጠንካራ ምሽግ ውስጥ ሆኖ ሲያስቸግር፥ ምንጩ ከምሽጉ ውጭ መሆኑን ተረድተው ውኃው እንዲያዝ መከሩ። ምክራቸው ተፈጸመ፤ ጠላትም በጥር ወር በውኃ ጥም ተጨንቆ ምሽጉን ለቀቀ። ግንብ ያላፈረሰው መድፍ ሳይሆን የእንስራ ባዶነት አስከፈተው።

በየካቲትም ሁለቱ ጦሮች በዓድዋ አካባቢ ተፋጠው ሳለ ሁለቱም ስንቅ እያለቀባቸው ነበር። የኢጣልያ ቀለብ ከምጽዋ ወደብ ተነሥቶ ተራራውን ሁሉ መውጣት ነበረበት፤ ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ብቻ ሲቀር የጦሩ አዛዥ ባራቲየሪ ከመቆየት ይልቅ በሌሊት ለመገሥገሥ ቈረጠ። የካቲት 23 ቀንም ድል ሆነ። በዚያ ቀን እቴጌዪቱ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ለተዋጊውና ለቈሰለው ውኃ ሲያስታድሉ ዋሉ።

ከዓድዋ በኋላም በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ሥልጣን ነበራቸው፤ በ1902 ዓ.ም. ግን ከሥልጣን ተገለው በኋላ እንጦጦ ላይ ተቀመጡ። በየካቲት 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጦርነት ወደ አካባቢያችን መጥቶ መንገዱ ሲዘጋ እኔ ገና ልጅ ነበርሁ። በቤታችን መጀመሪያ ያለቀው ጨው ነበር፤ ከዚያ ዘይት። እናቴ የቀረውን እህል በጣሳ እየሰፈረች አሳደረችን። ዱቄት መስፈር የሴት ተራ ሥራ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ የመቀሌን ምንጭና የእናቶቻችንን ጣሳ ያስብ። እኔም ትምህርቴን ስፈጽም ዕቃና እህል ከቦታ ወደ ቦታ የሚደርስበትን ጥበብ ለማጥናት ቈርጫለሁ።