አተር የዘራው መነኩሴ

ልጅ አባቱን ወይም አያቱን የሚመስለው በምን ምክንያት እንደ ሆነ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲጠይቅ ኖሯል። ለዚህ ጥያቄ በቁጥር የተደገፈ መልስ ያገኘው ግሬጎር ሜንዴል የተባለ መነኩሴ ነው። የዚህን ሰው ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን፤ ዓመቶቹም እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሜንዴል በኦስትሪያ መንግሥት ሥር በነበረችው በሲሌሲያ በ1822 ዓ.ም. ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። የትምህርቱን ገንዘብ ባጣ ጊዜ ታናሽ እኅቱ ለጋብቻዋ ከተመደበላት ገንዘብ ከፍላ ረዳችው። በ1843 ዓ.ም. ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው በብርኖ ከተማ ከቅዱስ ቶማስ ገዳም ገባ። ለመምህርነት የሚያበቃውን ፈተና ሁለት ጊዜ ቀርቦ አልተሳካለትም። ነገር ግን በመካከሉ ወደ ቪየና ዩኒቨርሲቲ ተልኮ የፊዚክስንና የዕፀዋትን ትምህርት ተማረ፤ የተፈጥሮን ነገር በቁጥር መመርመር የጠቀመውም ከዚያ በኋላ ነው።

ከ1856 እስከ 1863 ዓ.ም. ድረስ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እየዘራ መረመረ። አበባው ሳይፈነዳ ከፍቶ የወንዴውን ክፍል ይነቅላል፤ ከሌላ አተር ያመጣውን የአበባ ዱቄት ይነሰንስበታል፤ ከዚያም ይሸፍነዋል። ድቡልቡሉን ዘር ከተጨማደደው ጋር ባዳቀለ ጊዜ የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ድቡልቡል ሆነ። በሁለተኛው ትውልድ ግን 5474 ድቡልቡልና 1850 የተጨማደደ ዘር ቈጠረ፤ ይኸውም ሦስት ለአንድ ያህል ነው። ስለዚህ የተሰወረው ባሕርይ አልጠፋም፤ ተደብቆ ቈይቶ ለልጅ ልጅ ተላለፈ ማለት ነው።

ይህን በ1865 ዓ.ም. በብርኖ ለሚገኘው የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር አስረዳ፤ በሚከተለውም ዓመት ታተመ። ዳሩ ግን ቁም ነገሩን ያስተዋለው ሰው አልነበረም። በ1868 ዓ.ም. አበ ምኔት ሆኖ ከተሾመ በኋላ በገዳሙ ግብር ምክንያት ከመንግሥት ጋር ሲከራከር ኖሮ በ1884 ዓ.ም. ዐረፈ። ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. ደ ፍሪስ፣ ኮረንስና ቸርማክ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ሥራውን ከተረሳበት አነሡት።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ታሪክ ጸሐፊዎች ደረሰ። በ1936 ዓ.ም. ፊሸር የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ የሜንዴል ቁጥሮች ከሚጠበቀው በላይ ትክክል ሆነው እንደ ተገኙ ገለጸ። ይህም ብዙ ክርክር አስነሣ። መዝገቡን ከፍቶ ነገሩን መለየት በተቻለ ነበር፤ ነገር ግን የሜንዴል ወረቀቶች ከሞቱ በኋላ በገዳሙ ተቃጥለዋል። እንዲሁም የሜንዴል ጽሑፍ ገጹ ሳይገለጥ በዳርዊን ቤት ተገኘ ተብሎ ብዙ ጊዜ ተወርቷል፤ የዳርዊን መጻሕፍት ሲመረመሩ ግን እንዲህ ያለ ቅጂ አልተገኘም። ከታሪክ ጸሐፊዎችም አንዳንዶቹ ሜንዴልን ባልነበረበት ዘመን ዕውቀት መመዘን አይገባም ይላሉ፤ እርሱ የደከመው የተዳቀሉ ዕፀዋትን ጠባይ ለማወቅ ነበርና።

እኛም ከዚህ የምንረዳው፣ ያለፈውን ዘመን ማወቅ የሚቻለው በጥሩ ወሬ ሳይሆን ተጠብቆ በቈየ ማስረጃ መሆኑን ነው። የሜንዴል ሥራ ከመረሳት የዳነው በመታተሙ ነው፤ ስሙን ከጥርጣሬ ሊያወጡለት ይችሉ የነበሩት ወረቀቶች ግን በአንድ እሳት ዐመድ ሆነው ቀሩ።