የመርሐቤቴው ኅሩይ፦ ለልጆች በልጆች ቋንቋ የጻፉት ሰው

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በድሮ ፎቶ ነው። ከንጉሡ አጠገብ ካባ ደርበው የቆሙት ጢማም ሰው። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፣ ደራሲ ነበሩ፣ እንባላለን፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ፎቶ እናልፋለን።

ለእኛ ለራቤልና ለአካባቢዋ ሰዎች ግን የጎረቤት ልጅ ናቸው። ከግሼ ተነስቶ መንዝን ያቋረጠ ሰው ማዶ መርሐቤቴን ያገኛል። ኅሩይ የተወለዱት እዚያው መርሐቤቴ፣ ደን በሚባል ቦታ፣ ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. ነው። የልጅነት ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር። ዛሬ ስለ ሥልጣናቸው ብዙ አንልም። እኛን የሳበን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ልጅ የራሱን ቤት፣ የራሱን ቋንቋና የራሱን ሰው በመጽሐፍ ውስጥ እንዲያገኝ የሠሩት ሥራ።

መጀመሪያ እሳቸው እንዴት እንደተማሩ እንይ። በዚያ ዘመን ትምህርት ማለት የቤተ ክህነት ትምህርት ነው። ፊደል ይቆጠራል፣ ከዚያ ዳዊት ይደገማል፣ የገፋበት ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ይሄዳል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ዛሬ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ አንዱ ኋላ ቀር ብሎ ይጥለዋል፣ ሌላው እንከን የለበትም ብሎ ይምላል። እኛ ሁለቱም አልተዋጠልንም። ቅኔ ቤት ተማሪው ከሰማው ሳይሆን ከራሱ አፍልቆ እንዲናገር የሚያስገድድ ድንቅ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ልጅ ዳዊትን በቃሉ ይዞ ይቀራል። ያውም በግእዝ! እናቱ በማትናገረው ቋንቋ፣ ትርጉሙን ሳያውቅ።

ኅሩይ ከገፉት ጥቂቶች አንዱ ናቸው። ወደ እንጦጦ መጥተው በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተምረዋል፣ አገልግለዋልም። ግእዙ በእጃቸው ገባ፤ ቆይተው የቅኔ መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሰዋል።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብጽ የመጡ ኮፕቶች ናቸው። በ1917 ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተጨመረ። አማርኛም ግእዝም ነበሩ፤ የዘመናዊው ዕውቀት በር ግን ፈረንሳይኛ ነበር፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛ። እንግዲህ አስቡት። አሮጌው ትምህርት ቤት በግእዝ፣ አዲሱ በፈረንሳይኛ። ልጁ ቤቱ ሲገባ የሚያወራበት ቋንቋ ከሁለቱም ደጅ ላይ ቀረ።

ይሄን ያየ የውጭ ሰውም ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለትምህርት አማካሪነት የመጣው አሜሪካዊው ኧርነስት ወርክ፣ ኢትዮጵያ የፈረንሳይን ወይም የእንግሊዝን ትምህርት ከመገልበጥ ይልቅ ለራሷ ኑሮ የሚስማማ፣ በአማርኛ የሚሰጥ ትምህርት እንደሚያስፈልጋት ጻፈ። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የት መሰላችሁ? የጥቁር ሕዝብ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በሃዋርድ፣ ስለ ጥቁሮች ትምህርት በሚታተም መጽሔት ላይ። ወደዚህ ጉዳይ እንመለሳለን።

ኅሩይ ግን ወርክ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ሥራውን ጀምረውታል። ስለ ችግሩ ከመጻፍ ይልቅ የጎደለውን መጽሐፍ ራሱን ጻፉ። በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር፣ ለአባት መታሰቢያ» ወጣ። ቅርጹን ማንም የኢትዮጵያ ልጅ ያውቀዋል፤ አባት ልጁን አስቀምጦ ሲመክር ነው። አዲሱን ሐሳብ በዚህ በሚታወቀው ወግ ውስጥ አስገቡት። በ1915 የወጣው «ወዳጄ ልቤ»ም እንደዚያው ነው። መነሻው የእንግሊዛዊው የጆን ቡንያን የመንፈሳዊ ጉዞ ታሪክ እንደሆነ ይታወቃል፤ በኅሩይ እጅ ሲያልፍ ግን አንድ ሰው ከገዛ ልቡ ጋር የሚያወራበት የአበሻ ጨዋታ ሆነ። የውጭውን ዱቄት በራሳቸው ምጣድ ጋገሩት እንበል።

በዚያው በ1915 ያሳተሙትን «የሕይወት ታሪክ» ደግሞ ከሁሉም አብልጠን እንወደዋለን። ርዕሱ ራሱ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንደሆነ ይናገራል። ነገሥታቱን፣ መኳንንቱን፣ ሊቃውንቱን በፊደል ተራ አሰልፈው ማን ምን እንደሠራ አጠር አጠር አድርገው ጻፉ። ልጁ ስለ ናፖሊዮን ከማንበቡ በፊት የአገሩን ሰው ስም በታተመ መጽሐፍ ላይ አየ። ዛሬ ጎግል ስለምናደርግ ቀላል ይመስለናል። ያኔ ግን ያ ወሬ በሽማግሌ አፍና በገዳም ብራና ላይ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ሽማግሌው ከሞተ አብሮ ይሞታል።

መጻፍ ብቻውን እንደማይበቃም ገብቷቸዋል። ጎሐ ጽባሕ የሚባል ማተሚያ ቤት አቋቁመዋል። አገሪቱ ውስጥ ያሉትን መጻሕፍት ቆጥረው ዝርዝራቸውን በ1904 አውጥተዋል። የሳቸው ሥራዎች ተደምረው ከ20 በላይ ናቸው። ይሄን ሁሉ የሠሩት ደግሞ በመንግሥት ሥራ ተወጥረው ነው፤ መቼ እንደሚተኙ እንጃ!

ለራቤል አንባቢ የሚቀርበው ግን በ1925 የወጣው «አዲስ ዓለም» ይመስለናል። ባለታሪኩ አወቀ የተጉለት ልጅ ነው፣ የኛው የሰሜን ሸዋ ሰው። ትምህርት ፍለጋ ፓሪስ ድረስ ይሄዳል። ተምሮ ይመለሳል። ከዚያ ከዘመድ ጋር ይላተማል፤ ለሟች ተዝካር የሚወጣው ወጪ፣ ሰርጉ፣ ልማዱ ሁሉ ጥያቄ ይሆንበታል። ኅሩይ አወቀን ፈረንጅ ሆኖ የጠፋ አድርገው አልሳሉትም፤ ዘመዶቹንም መሳቂያ አላደረጓቸውም። የሚጎዳው ልማድ ይቀየር፣ የሚጠቅመው ይቆይ፣ ነገሩም በምክክር ይሁን የሚል ሐሳብ ነው ያለበት። ከተማ ተምሮ ለበዓል አገሩ የገባ የራቤል ልጅ ይሄን መጽሐፍ ቢያነብ ጎረቤቱ የጻፈው ይመስለዋል።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ኅሩይ በ1911 ዓ.ም. በደጃዝማች ናደው ከተመራው መልእክተኛ ቡድን ጋር አሜሪካ ሄደው ነበር። ፕሬዚዳንት ዊልሰን ተቀብለዋቸዋል፤ ጥቁር አሜሪካውያንም የአፍሪካ ነፃ መንግሥት ልዑካን መጡ ብለው በደስታ አግኝተዋቸዋል። የእነዚያ ሰዎች ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ስለ ራሳቸው ዘር ወይ ምንም አይማሩም፣ ወይ የሚያሳፍር ነገር ይማራሉ። ካርተር ዉድሰን የተባለው ጥቁር የታሪክ ሊቅ ይህ ትምህርት የጥቁሩን ልጅ ራሱን እንዲንቅ ያደርገዋል ብሎ መጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በኛ አቆጣጠር 1925፣ «አዲስ ዓለም» የወጣበት ዓመት! ሁለቱ ሰዎች ተነጋግረው አይደለም፤ አንዱ ቅኝ ካልተገዛ አገር፣ ሌላው ከባርነት ልጆች ወገን ሆነው አንድ ቁስል ላይ እጃቸውን አሳረፉ። የወርክ ጽሑፍ በሃዋርድ መጽሔት መውጣቱም ከዚህ አንጻር አይገርምም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ እንደ ግሎሪያ ላድሰን ቢሊንግስ ያሉ ምሁራን የልጁን ባህል መነሻ ያደረገ ማስተማር የሚሉት ነገር ሥሩ እዚያ ነው።

ነገሩ እኮ ረቂቅ አይደለም። በግ ሲጠብቅ የሚውል የግሼ ልጅ መቀነስን ከመምህሩ በፊት ያውቃል፤ ማታ ሲቆጥር አንድ ከጎደለ ጅብ በላው ማለት ነው። መምህሩ ከዚያ ከጀመረለት ወደ አልጀብራ ይሄዳል። አላውቅህም ካለው ግን ልጁ ሒሳብ የሌላ ሰው ነገር ይመስለዋል።

በ1924 ኅሩይ ጃፓን ተላኩ። ፋብሪካውንም ትምህርት ቤቱንም አዩ። የገረማቸው፣ ያ ሕዝብ ንጉሡንም ወጉንም ሳይጥል መሠልጠኑ ነው። ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ በዚያው ዓመት አሳተሙ፤ ወደ ጃፓንኛም ተተርጉሟል።

እሳቸውን ጻድቅ ልናደርጋቸው ግን አንፈልግም። የኅሩይ ኢትዮጵያ በአብዛኛው የደጋው፣ የክርስቲያኑ፣ የአማርኛ ተናጋሪው ኢትዮጵያ ነው። አማርኛ አፉ ላልሆነ ልጅ የሳቸው መጽሐፍም እንደ ፈረንሳይኛው የሰው ቋንቋ ነበር። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1894 ለኦሮሞ ልጆች በኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ መንገዱ በሌላም አቅጣጫ ተጀምሮ ነበር ማለት ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር የአገሪቱ ፖሊሲ የሆነው ግን በ1986 ዓ.ም. ነው። ደግሞስ የራሳቸውን ልጆች የት አስተማሩ? ውጭ አገር ነዋ። ያኔ ሌላ ምን ምርጫ ነበር የሚል ካለ አንከራከረውም። ግን ጥያቄው አለ።

ያ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ጣሊያን መጣ። ኅሩይ በ1928 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ተምረው ወደ አገር የተመለሱት ልጆቻቸው ፈቃደ ሥላሴና ጆርጅ በወረራው ዘመን በፋሽስት እጅ ተገደሉ። አባትየው ይሄን መርዶ ይዘው፣ እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ፣ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. አረፉ። ዕድሜያቸው 60 ነበር። ነፃነትን አላዩም። አጽማቸው ኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቷል።

የተረፈው ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ ኦክስፎርድ የተማረ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ፣ ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ፣ ራሴላስ ስለተባለ የኢትዮጵያ መስፍን የጻፈው ታዋቂ ልብወለድ አለ። ሲራክ ያንን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መልሶ ለአገሩ አንባቢ አቀረበው።