ሼኽ አብዱላህ አስ-ሱለይማን፦ ከቀዩ መስመር ውጭ የተዋዋሉት የገንዘብ ሚኒስትር

የሳውዲ ዓረቢያ መንግሥት የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር ሼኽ አብዱላህ አስ-ሱለይማን አል-ሐምዳን በታሪክ ጎልተው የሚታወሱት እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 1933 በጅዳ ኹዛም ቤተ መንግሥት በፈረሙት የነዳጅ ውል ነው። ውሉ ከብሪታንያ ወይም ከፈረንሳይ ኩባንያ ጋር ሳይሆን በአካባቢው ብዙም ከማይታወቅ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር የተፈረመበት ምክንያት ግን እምብዛም አይነገርም። ምክንያቱን ለመረዳት ከውሉ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ባለጸጎቹ አገሮችና ኩባንያዎቻቸው እርስ በርሳቸው የተስማሙበትን ጉዳይ መመልከት ያስፈልጋል።

ሼኽ አብዱላህ የተወለዱት በነጅድ ምድር በዑነይዛ ከተማ ነው። ቤተሰባቸው ባለጸጋ ስላልነበረ በወጣትነታቸው እንጀራ ፍለጋ ወደ ህንድ ተሻግረው በቦምቤይ ከነጋዴ ቤት ተቀጥረው ሠሩ። የሒሳብ አያያዝንና የደብዳቤ አጻጻፍን የተማሩት በዚያ ነበር። በኋላም በባሕሬን የግል ንግድ ቢጀምሩ ስላልተሳካላቸው ወደ ሪያድ ሄደው በንጉሥ አብዱልአዚዝ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት አገልግሎት ጀመሩ። መካና ጅዳ በንጉሡ አስተዳደር ሥር ከገቡ በኋላ የግምጃ ቤቱ ኃላፊነት በእጃቸው ገባ። የገንዘብ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1932 ሲቋቋም ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

ሹመቱ የመጣው በክፉ ጊዜ ነበር። የመንግሥቱ ዋነኛ ገቢ ለሐጅ ወደ መካ ከሚመጡ ምእመናን ይገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 የጀመረው የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ የጃቫን ጎማ፣ የግብፅን ጥጥና የህንድን ሰብል ዋጋ ሲያረክስ የሐጅ መንገደኛውም ቁጥር አብሮ ወደቀ። ቀደም ሲል በዓመት ወደ 100,000 ይደርስ የነበረው የባሕር ማዶ ሐጃጅ በ1931 ወደ 40,000 ገደማ፣ በ1933 ደግሞ ወደ 20,000 ገደማ አሽቆለቆለ። የሠራተኛ ደመወዝ ተቋረጠ፤ ዕዳም ተከማቸ። በሩቅ ገበያ የተከሰተ ቀውስ በመካ የገንዘብ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ተሰማ።

የቀረው ተስፋ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ይኖራል የተባለው ነዳጅ ነበር። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ላይ አስቀድሞ የተዘጋ በር ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1928 የብሪታንያ፣ የኔዘርላንድስ፣ የፈረንሳይና የአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች ከነጋዴው ካሉስት ጉልቤንኪያን ጋር ሆነው በቀድሞው የኦቶማን ግዛት ውስጥ አንዱ ከሌላው ተነጥሎ ነዳጅ እንዳይፈልግ ተዋዋሉ። ክልሉ በካርታ ላይ በቀይ መስመር ስለተከበበ ስምምነቱ የቀይ መስመር ስምምነት ተባለ። ከኩዌት በስተቀር የዓረቢያ ልሳነ ምድር በመስመሩ ውስጥ ገባ። የአካባቢው ሕዝቦች ግን በስምምነቱ ላይ አልተጠየቁም። ይህ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1906 ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባልተገኙበት በለንደን ተፈራርመው የኢትዮጵያን የጥቅም ክልል ለሦስት ተከፋፍለዋልና።

እንዲህ ያለ ስምምነት ለደሃ አገር የሚያመጣው ጉዳት የተፎካካሪ መጥፋት ነው። ብዙ ገዢ ሊቀርብበት የሚችለው ሀብት አንድ ገዢ ብቻ ይቀርበታል፤ ያም ገዢ አይቸኩልም። በ1933 ወደ ጅዳ የመጣው የኢራቅ ፔትሮሊየም ኩባንያ ወኪል ሁኔታ ይህንኑ ያሳያል። ኩባንያው በኢራቅ በቂ ነዳጅ ስለነበረው ዋና ፍላጎቱ ሌሎች እንዳይገቡ ማገድ ነበር፤ ያቀረበውም ገንዘብ አነስተኛ ነበር።

ስታንዳርድ ኦይል ኦፍ ካሊፎርኒያ የተባለው ኩባንያ ግን የቀዩ መስመር ፈራሚ አልነበረም። በባሕሬንም በ1932 ነዳጅ አግኝቶ ነበር። ሼኽ አብዱላህ ሁለቱን ወገኖች እያነጻጸሩ ለወራት ተደራደሩ፤ ክፍያው በወረቀት ገንዘብ ሳይሆን በወርቅ እንዲሆንም ጸኑ። በመጨረሻም 30,000 ፓውንድ ብድርና 5,000 ፓውንድ የመጀመሪያ ዓመት ኪራይ በወርቅ እንዲከፈል ተስማሙ። አሜሪካ ወርቅ ከአገሯ እንዳይወጣ ስለከለከለች 35,000ው የወርቅ ሳንቲም የተላከው ከለንደን ነበር። በኦገስት ወር ጅዳ ደርሶ፣ ለኢንዶኔዥያ ሐጃጆች አገልግሎት በ1926 በተከፈተው የኔዘርላንድስ ባንክ ውስጥ ተቆጠረ። ውሉም በመካ በሚታተመው በኡም አል-ቁራ ጋዜጣ ወጥቶ ለሕዝብ ይፋ ሆነ።

ውሉ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ዘመኑ 60 ዓመት ነበር፤ የመንግሥቱም ድርሻ በአንድ ቶን ነዳጅ አራት የወርቅ ሺልንግ ብቻ ነበር። ከማርች 1938 ጀምሮ ከደማም ሰባተኛ ጉድጓድ ነዳጅ በብዛት ሲፈስ የክፍያው ማነስ ጎልቶ ታየ። ቬኔዙዌላ ትርፍን እኩል የመካፈልን ሥርዓት ካስከበረች በኋላ ሼኽ አብዱላህም ኩባንያውን፣ ማለትም አራምኮን፣ በድጋሚ ለድርድር ጠሩ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 1950 ትርፉን እኩል ለእኩል የሚያካፍለውን ስምምነት በጅዳ ፈረሙ።

የመጨረሻው ትልቅ ውላቸው ግን አልሰመረም። በጃንዋሪ 1954 ከመርከብ ባለሀብቱ አርስጣጢሊስ ኦናሲስ ጋር የሳውዲ የነዳጅ ጫኝ መርከቦች ኩባንያ ለማቋቋም ተዋዋሉ። ዓላማው ነዳጁን በማጓጓዝ ከሚገኘው ትርፍ አገሪቱም እንድትቋደስ ነበር። አራምኮ፣ የአሜሪካና የብሪታንያ መንግሥታት ተቃወሙት። ሼኽ አብዱላህ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወረዱ፤ በ1958ም ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኞች የ1933ቱን ውል ጠቅሰው ለአራምኮ ፈረዱ። በችግር ቀን ወርቅ ያስገኘው ጽሑፍ፣ በደህና ቀን የአገሪቱን እጅ የሚይዝ ሆኖ ተገኘ።

ሼኽ አብዱላህ እ.ኤ.አ. በ1965 አረፉ። አራምኮ ሙሉ በሙሉ የሳውዲ ዓረቢያ መንግሥት ንብረት የሆነው ከዚያ 15 ዓመት ዘግይቶ በ1980 ነበር።