ከመለዋወጥ በፊት
የሆሴ ራውል ካፓብላንካ አጭር የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ዓመት በክፍላችን የቼዝ ውድድር በእጄ የገባውን ድል እንዴት እንዳባከንሁት ጓደኞቼ አይረሱትም። ለእኔ ከንጉሡ ሌላ አንድ ግንብ፣ አንድ ጳጳስና በገበታው ዳር የሚሄድ አንድ ወታደር ቀርተውኝ ነበር፤ ተጋጣሚዬ ግን የቀረው ግንቡ ብቻ ነበር። ብልጫ ያለው ሰው ይለዋወጥ ሲባል ሰምቼ ስለ ነበር፣ ቸኩዬ ግንብ በግንብ ለወጥሁ። የተጋጣሚዬም ንጉሥ ወታደሬ ሊደርስበት ወደሚገባው ማዕዘን ፈጥኖ ገባ። ያ ቤት ነጭ ነው፤ ጳጳሴ ግን በጥቁር ቤቶች ብቻ የሚሄድ ስለ ነበር ከዚያ ሊያስወጣው አልቻለም። በእኩል ተለያየን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጨዋታ ፍጻሜ እጅግ የታወቀውን ሰው ታሪክ ማንበብ ያዝሁ፤ ያገኘሁትንም ለአንባቢዎች በአጭሩ አቀርባለሁ። ዘመኖቹ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ሆሴ ራውል ካፓብላንካ በ1888 ዓ.ም. በኩባ ዋና ከተማ በሃቫና ተወለደ። በአራት ዓመቱ አባቱ ሲጫወት እያየ ጨዋታውን እንደ ተማረ ይነገራል። በ1901 ገና ልጅ ሳለ በአገሩ ስመ ጥር የነበረውን ሁዋን ኮርሶን በግጥሚያ አሸነፈ። ከዚያም ኒውዮርክ ሄዶ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን ልቡ ከቼዝ ስላልተለየ ትምህርቱን አልፈጸመም። በ1909 አሜሪካዊውን ፍራንክ ማርሻልን 8 ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። በ1921 በሃቫና ኢማኑኤል ላስከርን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ድል አድርጎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ያሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ ጥቂት ጠጠሮች ብቻ ከሚቀሩበት ከጨዋታው ፍጻሜ ይጀምራል።

ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። 8 ሰው ከ7 ሰው ጋር ቢታገል ብልጫው እምብዛም አይታይም፤ 2 ከ1 ጋር ቢታገል ግን ወዲያው ይታያል። ስለዚህ ብልጫ ያለው ተጫዋች ጠጠሮቹን ይለዋወጣል፤ ወታደሮቹን ግን፣ ከገበታው ጫፍ የደረሰ ወታደር ንግሥት ስለሚሆን፣ ይቆጥባል። ሆኖም ከመለወጡ በፊት የሚቀረውን ማየት ይገባዋል፤ የተለወጠ አይመለስምና።

ካፓብላንካ ይህን በ1924 በኒውዮርክ ከታርታኮወር ጋር በተጫወተ ጊዜ አሳየ። ለእርሱ ግንብና ጳጳስ፣ ለታርታኮወር ግንብና ፈረስ ቀርተው ነበር። ካፓብላንካ ጳጳሱን በፈረሱ ለወጠ፤ ግንቡን ግን አልለወጠም፤ ምክንያቱም ግንቡ በጠላት ሰፈር ገብቶ የጠላትን ንጉሥ ዘግቶ ይዞት ነበር። ከዚያም ንጉሡን ይዞ ወደ ፊት ሲገሠግሥ ሁለት ወታደሮቹን አስበላ። የሚያየው ሰው ተሳሳተ ሊለው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ንጉሡ ከግንቡና ከቀረው ወታደር ጋር ተባብሮ ጨዋታውን አሸነፈ። እኔ የጠጠሮችን ቁጥር ብቻ ስቆጥር፣ እርሱ የእያንዳንዱን ሥራ ይመዝን ነበር።

በ1927 በቦነስ አይረስ ሻምፒዮንነቱን ለአሌክሳንደር አልየኪን አስረከበ። በ34ኛውና በመጨረሻው ጨዋታ አልየኪን አንድ ወታደር ብልጫ ይዞ፣ ንግሥቶቹ ከተለዋወጡ በኋላ፣ ግንቡን ይዞ በትዕግሥት አሸነፈው። እንግዲህ የፍጻሜው መምህር ራሱ በፍጻሜ ተሸነፈ። ካፓብላንካ ግጥሚያው እንዲደገም ቢደክምም አልተሳካለትም፤ በ1942 በኒውዮርክ ዐርፎ በሃቫና ተቀበረ።

እኔም በዚህ ዓመት ከዚያው ጓደኛዬ ጋር እንደገና ተጋጠምሁ። ግንብ በግንብ ልለውጥ እጄን ከዘረጋሁ በኋላ መልሼ ሰበሰብሁና ከለውጡ በኋላ የሚቀረውን ገበታ በሐሳቤ አየሁ። አልለወጥሁም። ጨዋታው ረዘመ፤ ድሉ ግን አላመለጠኝም።