ጄምስ ፓርኪንሰን፦ በሽታውን መንገድ ላይ ያስተዋለው ሐኪም

ቤተሰቦቻችን፣ ቆቦ ገበያ ላይ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ጎንበስ ብለው በአጭር በአጭሩ የሚራመዱ አዛውንት ስናይ እርጅና ነው ብለን እናልፋለን። የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ግን አላለፈም።

የተወለደው በ1755 እ.ኤ.አ ነው። ለድሃው መብት በብዕር ስም ይጽፍ ነበር፤ በ1794 በንጉሡ ላይ ተጠነሰሰ በተባለ ሴራ ጉዳይም ለጥያቄ ቀርቧል።

በ1817 ስለ መንቀጥቀጡ በሽታ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የገለጻቸው 6 ሰዎችን ብቻ ነው፤ ሁለቱን መንገድ ላይ አግኝቶ ጠየቃቸው፣ አንዱን ከሩቅ ብቻ አየው። የበሽታውን መነሻ ግን አላገኘም። ሌሎች የሟቾችን አካል መርምረው እንዲደርሱበት አደራ ብሎ በ1824 አረፈ። በሽታው በስሙ የተጠራው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

አደራው አልቀረም። በ1912 ፍሪትዝ ሌዊ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በሟቾች የአንጎል ሴል ውስጥ እንግዳ ክምችት አየ። በ1997 ክምችቱ አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ። አሁን ተመራማሪዎች ይህንኑ ፕሮቲን በሕይወት ካለ ሰው በሚወሰድ ቅንጣት ቆዳ ውስጥ እየፈለጉት ነው፤ ሐሳቡ በሽታውን ሳይጠና ለመያዝ ነው።

ምርመራው እኛ ጋ እስኪደርስ ዓይናችን አለ። አባባ ወይ እማማ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ እርምጃቸው ከዘገየ ሐኪም ይያቸው። ጨርሶ ባያድንም የሚያቀል መድኃኒት አለ።