አትናቴዎስ፦ ፋሲካን በስደት ያከበረ ሊቀ ጳጳሳት

የኀምሳ አምስት ቀን ጾም ተፈጽሞ፣ የሰሙነ ሕማማቱ ስግደት አብቅቶ፣ ከሌሊቱ ቅዳሴ መልስ ቤተ ሰብ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚሰበሰብበት ታላቁ በዓላችን ትንሣኤ ነው። ከቤቱ የራቀ ሰው መራቁ ከሌላው ቀን ሁሉ ይልቅ የሚሰማው በዚህ ዕለት ነው። እቤት የቀሩትም ቢሆኑ ማዕዱ ሲቀርብ የጎደለውን ሰው ሳያነሡ አይቈርሱም። ዛሬ በዚህ ዐምድ የምናዘክረው ታላቅ አባት በሊቀ ጵጵስና መንበር ከተቀመጠባቸው 45 ዓመታት ውስጥ 17 ያህሉን በስደት ያሳለፈ፣ ከ15 የማያንሱ የትንሣኤ በዓላትንም ከመንበሩና ከመንጋው ተለይቶ ያከበረ ነው። እርሱም ቅዱስ አትናቴዎስ ዘእስክንድርያ ነው።

የአትናቴዎስ ስም ለኢትዮጵያ ምእመናን እንግዳ አይደለም። በስሙ የሚጠራው ቅዳሴ በአብያተ ክርስቲያናችን ይቀደሳል። ትምህርቱ በሃይማኖተ አበው ተካቶ ይነበባል። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ ሀገራችን የላከውም እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች ብንሆንም፣ ለዚህ ክብር ምን ያህል ዋጋ እንደ ከፈለ ብዙ ጊዜ አናስተውልም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሕይወቱን ታሪክ በዚህ በኩል እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲረዱልን እናሳስባለን።

ቅዱስ አትናቴዎስ የተወለደው በሦስተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ግድም ነው። በ303 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዲዮቅልጥያኖስ በክርስቲያኖች ላይ ዐዋጅ ባወጣ ጊዜ ገና ሕፃን ነበር። አብያተ ክርስቲያናት ሲፈርሱ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት ሲቃጠሉ፣ ምእመናን ወደ እሥርና ወደ ሞት ሲነዱ የሚሰማበት ዘመን የልጅነቱ ዘመን ነበረ። በ311 ዓ.ም. የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስ አንገቱን ለሰይፍ ሲሰጥ አትናቴዎስ ነገሩን ለመረዳት ከሚችልበት ዕድሜ ደርሶ ነበር። በዚያች ከተማ ለሚያድግ ልጅ ክርስቲያን መሆን ምን እንደሚያስከፍል ከመምህር ከመማሩ በፊት በዐይኑ የሚያየው ነገር ነበር ማለት እንችላለን።

የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ልጅነቱ የሚተርኩት አንድ ነገር አለ። ሊቀ ጳጳሳቱ እለእስክንድሮስ ወደ ባሕሩ ዳር ሲመለከት ልጆች የቤተ ክርስቲያንን ሥርዐት እየመሰሉ ሲጫወቱ፣ ከመካከላቸውም አንዱ እንደ ጳጳስ ሆኖ ባልንጀሮቹን ሲያጠምቅ አየ። ልጆቹን አስጠርቶ በጠየቀ ጊዜ ሥርዐቱ ሳይጓደል የተፈጸመ ሆኖ ስላገኘው እጅግ ተደነቀ። የጨዋታው ጳጳስ አትናቴዎስ ነበር ይባላል። እለእስክንድሮስም ወስዶ አሳደገው፣ አስተማረው፣ ዲያቆንና ጸሐፊው አደረገው። ስለ ቃል ሥጋ መሆን የጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ በወጣትነቱ እንደ ተደረሰ ብዙዎች ያምናሉ።

በ313 ዓ.ም. ለክርስቲያኖች ነጻነት በታወጀ ጊዜ የመከራው ዘመን ያለፈ መሰለ። ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢኖስ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ሆነ። ነገር ግን ሁለተኛው ፈተና ከውስጥ መጣ። አርዮስ የተባለ የእስክንድርያ ቄስ ወልድ ፍጡር ነው ብሎ ማስተማር ጀመረ። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ 318 ተብለው የሚታወቁት አባቶች ተሰብስበው ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን በጸሎተ ሃይማኖት ሲያጸኑ፣ አትናቴዎስ በእለእስክንድሮስ አጠገብ የቆመ ወጣት ዲያቆን ነበር። በዚያ ጉባኤ የጸናችውን ሃይማኖት መጠበቅ የዕድሜ ልኩ ሥራ ሆነ።

እለእስክንድሮስ በ328 ዓ.ም. ሲያርፍ አትናቴዎስ ሹመቱን ሽሽት ከከተማ ርቆ እንደ ነበር ይነገራል። ይሁን እንጂ በሰኔ ወር በቅዱስ ማርቆስ መንበር ሃያኛ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ተቀመጠ። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ግድም ነበረ። በሊቀ ጵጵስናው የመጀመሪያ ዓመታት ፍሬምናጦስ ከአክሱም ወደ እርሱ መጥቶ፣ በኢትዮጵያ ያሉት ክርስቲያኖች ጠባቂ እንደሚያስፈልጋቸው ገለጸለት። አትናቴዎስም ከራሱ ከመልእክተኛው የሚሻል ሰው እንደማይገኝ ተረድቶ ቀባው። ለሀገራችን ይህን ያደረገው አባት እርሱ ራሱ በመንበሩ ተረጋግቶ ሊቀመጥ አልታደለም።

ቆስጠንጢኖስ አርዮስ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲመለስ ባዘዘ ጊዜ አትናቴዎስ አይሆንም አለ። ከዚህም የተነሣ የኒቆምድያው አውሳብዮስና ወገኖቹ፣ የመላጥዮስም ተከታዮች ተባብረው ክስ አቀናበሩበት። አርሳንዮስ የተባለውን ጳጳስ ገድሎ፣ እጁን ቈርጦ ለአስማት አዋለው ተባለ፤ የደረቀ እጅም ለማስረጃ ቀረበ። በ335 ዓ.ም. በጢሮስ ጉባኤ ላይ ግን የአትናቴዎስ ሰዎች ተደብቆ የነበረውን አርሳንዮስን አግኝተው አምጥተውት ነበርና፣ አትናቴዎስ ሰውየውን በጉባኤው ፊት አቁሞ መጀመሪያ አንዱን እጁን፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን ገለጠ። ሦስተኛው እጅ ከየት እንደ ተቈረጠ ከሳሾቹ እንዲያስረዱ ጠየቀ። ይህም ሆኖ ፍርዱ አልተለወጠም። በመጨረሻ ከእስክንድርያ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚሄደውን የእህል መርከብ ሊያስቀር ዝቷል የሚል ክስ ሲጨመር ንጉሡ ተቈጣ፤ አትናቴዎስም ዛሬ በጀርመን ሀገር ወደምትገኘው ወደ ትሪየር ተጋዘ። የመጀመሪያውን ስደት የፈረደበት ክርስቲያኖችን ከመከራ ያወጣው ያው ንጉሥ መሆኑን ልብ ይሏል።

በ337 ዓ.ም. ቆስጠንጢኖስ ሲሞት አትናቴዎስ ተመለሰ። ዕረፍቱ ግን አጭር ነበር። በ339 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ወቅት በንጉሡ በቆስጠንዮስ ፈቃድ ጎርጎርዮስ የተባለ የቀጰዶቅያ ሰው በወታደር ኀይል ወደ መንበሩ ገባ። ይህ ሰው ከታላቁ ሊቅ ከጎርጎርዮስ ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ ነው። ቤተ ክርስቲያን ተደፈረ፤ ማጥመቂያው ተቃጠለ። በዕለተ ስቅለት ደናግል፣ ባለትዳር ሴቶችና የተከበሩ ሰዎች፣ በቍጥር 34፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአደባባይ ተገረፉ። አትናቴዎስ የሕዝቡ ደም እንዳይበዛ ከተማውን ትቶ ወደ ሮም ሄደ። እርሱ ቢርቅም ቂሙ በዘመዶቹ ላይ ወረደ። አክስቱ ብዙ መከራ ካየች በኋላ ስትሞት ጎርጎርዮስ እንዳትቀበር ከለከለ። አስከሬኗን የያዙት ሰዎች የራሳቸው ዘመድ አስመስለው ባያወጧት ኖሮ ያለ መቃብር ትቀር ነበር። ይህን አትናቴዎስ ራሱ ጽፎታል። የገዛ አክስቱን ለመቅበር ያልቻለ ሰው ኀዘን ምን እንደሚመስል፣ ቀብር እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ ለሚያውቅ ለእኛ ሕዝብ መግለጽ አያሻንም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን በባሕረ ሐሳብ ተቀምሮ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ለምእመናን እንደሚነገር ይታወቃል። የዚህም ቀመር አባት ተብሎ የሚጠራው ድሜጥሮስ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ነበረ። በዚያ ዘመን በየዓመቱ ጾሙ የሚያዝበትን፣ ፋሲካም የሚውልበትን ቀን በደብዳቤ ማስታወቅ የእስክንድርያው መንበር ተግባር ነበር። አትናቴዎስም በሮም ሳለ ይህን ደብዳቤ ለመንጋው ልኳል። እርሱ የማይገኝበትን በዓል ቀን ቈጥሮ ለሌሎች ያበሥር ነበር። ስደቱ በጠነከረባቸው አንዳንድ ዓመታት ይህንም ለማድረግ አልተቻለውም።

በ346 ዓ.ም. ሲመለስ ሕዝቡ ረዥም መንገድ ወጥቶ በደስታ ተቀበለው። ዐሥር ዓመት ያህል በአንጻራዊ ሰላም ካገለገለ በኋላ በየካቲት 356 ዓ.ም. ሌሊት፣ በቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ለጸሎት ሳለ ሲርያኖስ የተባለ የጦር አለቃ ብዙ ሠራዊት ይዞ ከበበ። አትናቴዎስ ከመንበሩ አልተነሣም። ዲያቆኑ የዳዊትን መዝሙር 135 እንዲያነብ፣ ሕዝቡም እየተቀበለ የእግዚአብሔርን ምሕረት እንዲያመሰግንና ወደየቤቱ እንዲሄድ አዘዘ። በሩ ተሰብሮ ፍላጻ ሲወረወር መነኮሳቱ እየጎተቱ አወጡት። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ስድስት ዓመት ያህል በግብፅ በረሃ ከገዳም ወደ ገዳም፣ ከዋሻ ወደ ዋሻ ሲሸሽ ኖረ።

በዚያው በ356 ዓ.ም. አባ እንጦንስ ሲያርፍ አንጥፎ ይተኛበት የነበረውን ልብስና አንድ ለምድ ለአትናቴዎስ እንዲሰጡ አዘዘ። ልብሱን ቀድሞ አዲስ ሳለ የሰጠው ራሱ አትናቴዎስ ነበር፤ አሁን አርጅቶ ተመለሰለት። ስደተኛው ሊቀ ጳጳሳት ከዚህ የሚበልጥ ሀብት አልነበረውም። የእንጦንስን ገድል የጻፈውም በዚህ የመከራ ወቅት ነው።

ከአካል ድካም ይልቅ የሚከብዱ ሌሎች ሕማማትም ነበሩ። መቶ ዓመት የተጠጋው የኮርዶቫው ሽማግሌ ሆስዮስ በግዞት ተጨንቆ የአርዮሳውያንን ጽሑፍ ፈረመ። የሮሙ ልብርዮስም ከሁለት ዓመት ስደት በኋላ ተሸነፈ። አትናቴዎስ ግን በእነዚህ ወዳጆቹ ላይ አልጨከነባቸውም። እንዲያውም ሆስዮስ አትናቴዎስን ለማውገዝ እምቢ ማለቱን መዝግቦለታል። በሌላ በኩል ጠላቶቹ ፈሪ ነው፣ መንጋውን ጥሎ ሸሸ እያሉ ስሙን አጠፉት። እርሱም መልስ ሲጽፍ ያዕቆብ ከዔሳው፣ ሙሴ ከፈርዖን፣ ዳዊት ከሳኦል እንደ ሸሹ፣ ጌታችንም በሕፃንነቱ ወደዚያችው ወደ ግብፅ እንደ ተሰደደ አስረዳ። ጊዜው ያልደረሰውን ሞት መሸሽ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ጊዜው ሲደርስ ግን መሸሽ እንደማይገባ አስተማረ።

ቁጣው እስከ ሀገራችንም ደርሶ ነበር። ቆስጠንዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ልኮ፣ ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ ምትክ በተሾመው በቀጰዶቅያው ጊዮርጊስ ዘንድ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ እንዲልኩት ጠየቀ። ይህም ጊዮርጊስ ሰማዕቱ አይደለም። የደብዳቤው ቃል ለእኛ የቆየው አትናቴዎስ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ስላስገባው ነው። አባ ሰላማም በተሾመበት ሃይማኖት እንደ ጸና የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ይመሰክራል። በአትናቴዎስ እጅ የተቀበለው ሹመት የአትናቴዎስን ፈተናም አብሮ አምጥቶበታል።

ቆስጠንዮስ በ361 ዓ.ም. ሞቶ ከሐዲው ዮልያኖስ በነገሠ ጊዜ የተሰደዱ ሁሉ እንዲመለሱ ስለ ተፈቀደ አትናቴዎስ በ362 ዓ.ም. ወደ ከተማው ገባ። ብዙ አረማውያንን ወደ ጥምቀት ስለ ሳበ ግን በዚያው ዓመት እንደገና እንዲወጣ ታዘዘ። በዐባይ ወንዝ በጀልባ ሲሸሽ ወታደሮች እየደረሱበት መሆኑን ሰማ፤ ጀልባዋን አስመልሶ ወደ እነርሱው ሄደ። ወታደሮቹ ሳያውቁት አትናቴዎስን አይታችኋል ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ቅርብ እንደ ሆነና ቢፈጥኑ እንደሚደርሱበት ተነገራቸው፤ አልፈውትም ሄዱ። ሐሰት ሳይነገር ከእጃቸው ያመለጠበትን ይህን ዘዴ የጥንት ጸሐፊዎች ይተርኩታል። በ365 ዓ.ም. በቫሌንስ ዘመን ለአምስተኛ ጊዜ ሲሰደድ ከሰባ ዓመት ብዙም አይርቅም ነበር። አራት ወር ያህል በአባቱ መቃብር ቤት ተሸሽጎ እንደ ኖረ ይነገራል። በ366 ዓ.ም. የካቲት ሕዝቡ ስለ አጥብቆ ፈለገው ተመለሰ።

የቀሩትን ሰባት ዓመታት በመንበሩ ኖረ። በ367 ዓ.ም. ፋሲካን ለማብሠር በላከው ደብዳቤ ውስጥ የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዘርዝሮ አስታወቀ። በ373 ዓ.ም. ግንቦት 7 ቀን፣ አምስት ጊዜ ካሳደደችው ዓለም በአልጋው ላይ ሆኖ በሰላም ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያናችንም በየዓመቱ በዚሁ ቀን ታስበዋለች። የኒቅያ ሃይማኖት በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ዳግመኛ የጸናው በ381 ዓ.ም. ነው። አትናቴዎስ የደከመበትን ፍሬ ለማየት ስምንት ዓመት ቀረው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። አትናቴዎስ እንደ ቀደመው ሊቀ ጳጳሳት እንደ ጴጥሮስ በአንድ ቀን በሰይፍ አልተሠዋም። ዋጋውን ጥቂት በጥቂት፣ በ45 ዓመት ከፈለ። አንድ ጊዜ መልካም ስሙን፣ አንድ ጊዜ የዘመዱን ቀብር፣ አንድ ጊዜ የወዳጆቹን ድጋፍ፣ በየዓመቱም የበዓሉን ማዕድ ሰጠ። አንዲት ቃል ቢፈርም ኖሮ ሁሉም ይመለስለት ነበር። እኛም ብንሆን አብዛኞቻችን ለሰይፍ አንጠራም። ነገር ግን በሥራ ቦታ ሐሰት እንድንፈርም፣ በሸንጎ ለወዳጅ ስንል ያላየነውን እንድንመሰክር፣ በውርስ ጉዳይ ከወንድማችን ድርሻ እንድንቀንስ ስንጠየቅ፣ እምቢ ማለት እንጀራን፣ ወዳጅነትን፣ አንዳንዴም የቤተ ሰብን ሰላም ያስከፍላል። ይህም ዋጋ በአንድ ቀን ተከፍሎ አያልቅም። ከፍለነው ስንመለስ በማግስቱ ደግሞ ይጠየቃል። የአትናቴዎስ ሕይወት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ትልቅ መጽናኛ ነው።

ዛሬ ከጾሙ ፍቺ ማዕድ ስንቀመጥ፣ ለእውነት ሲሉ የተጎዱትን፣ በስደትም ሆነ በእሥር፣ በግዳጅም ሆነ በሕመም ከቤታቸው ርቀው በዓሉን የሚያሳልፉትን ወገኖቻችንን በጸሎት እናስባቸው፤ በአቅራቢያችን ያሉትንም እንጠይቃቸው። ከመንበሩ ርቆ የፋሲካን ቀን ለመንጋው ሲያበሥር የኖረው አባት በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ።